መልሱን የጠየቀችኝ ሴት

ሚኒሶታ ውስጥ ሆፕኪንስ በምትባል ከተማ፣ እኛ በምንኖርበት ባለ ሦስት ፎቅ አፓርታማ ውስጥ እኔን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። እንግሊዝኛን ያወቅኩት ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላትና ከአንድ የእጅ ጽሕፈት መለማመጃ መጽሐፍ ነው፣ ያውም ብቻዬን። አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ደጃፍ ሃያ ሁለት ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ፣ ዳኞች ስሙን ሳያዩ «ይህ የታደሰ እጅ ነው» ይሉ ነበር። ጠበቆች በጓሮ በኩል እየመጡ አስጽፈውኛል። ሚኒሶታ ከመጣሁም በኋላ ያው ነው። የኢሚግሬሽን ፎርም የምሞላው፣ ከአከራይ የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ የምተረጉመው እኔ ነኝ። ማስተርስ ያላቸው ልጆች ሳይቀሩ «ጋሼ ታደሰ፣ ይቺን እዩልኝ» እያሉ በሬን ያንኳኳሉ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራትም ነው። ዋናው ምክንያቴ ግን ከዚህ በታች የማወራውን ነገር ያደረገው አላዋቂ ሰው አለመሆኑ እንዲታወቅ ነው።

አስካለ ያረፈችው ባለፈው መጋቢት ነው። የነገረኝ ሰው የለም፤ መግቢያው በር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት አነበብኩት። በሕንጻችን የሐዘን ማስታወቂያ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ሰው ሲያርፍ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። ያን ቀን ማንም አላንኳኳም። ወረቀቱ በኮምፒውተር የተጻፈና ሁለት ስሕተት ያለበት ነበር። እስክሪብቶ አውጥቼ ላርመው ቃጣኝና እጄን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሴንት ፖል ውስጥ የድሮ ወረቀቶች የሚቀመጡበት አንድ ቤተ መዛግብት አለ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸውን ደብዳቤዎች እያነበበ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ በጎ ፈቃደኛ እንደሚፈልጉ ሰማሁና ከረባቴን አስሬ ሄድኩ። ኃላፊዋ ክርስቲን የምትባል መልካም ሴት ናት። «እንግሊዝኛ ያነባሉ?» አለችኝ በትሕትና። አንዱን ደብዳቤ አንስቼ ከላይ እስከ ታች ወረድኩላት። አፏን ከፍታ ቀረች። የዛሬ የአሜሪካ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ጨርሰውም ተያያዥ የእጅ ጽሕፈት ማንበብ ያቅታቸዋል፤ ትምህርት ቤቶቹ ማስተማሩን ትተውታል። እኔ ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደል የቆጠርኩት በዚያው ዓይነት እጅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ የመስኮቱ ወንበር የእኔ ሆነ።

ደብዳቤዎቹ ሜርሲ የምትባል የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ሴት ወደዚህ ወደ ሚኒሶታ ለፈለሰች እኅቷ ለሩት የጻፈቻቸው ናቸው። ሜርሲ ባርነትን የምትቃወም ሴት ነበረች። በየቤቱ እየዞረች ባርነት ይቅር የሚል አቤቱታ ታስፈርማለች። በር ይዘጋባታል፤ ስብሰባቸው ላይ የበሰበሰ እንቁላል ይወረወራል፤ የገዛ ቄሷ ይገሥጻታል። ባሪያ ያመረተው ነው ብላ ስኳርን ከቤቷ አስወጣች፤ የባሪያ ጥጥም አልለብስም አለች። ለፖስታ የምትከፍለው እንዲያንስ፣ ገጹ ሲሞላባት ወረቀቱን አዙራ በጻፈችው ላይ አግድም ትጽፍበታለች። ላላወቀው ሰው ወንፊት ነው የሚመስለው። ማንም አልፈታውም የተባለውን ሁሉ እኔ ፈታሁት። አቤቱታ የእኔም ሙያ ነበርና ሜርሲን እንደ ሥራ ባልደረባዬ ቆጠርኳት።

አስካለ ከእኔ በር ትይዩ ነበር የምትኖረው። የጅማ ልጅ ናት። በኬንያ በኩል ተሰዳ መጥታ፣ አሥራ ስምንት ዓመት በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሠርታለች፤ በሽተኛ ስታነሳ ስታጋድም ወገቧ ተጎድቶ ነበር። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ብቻዋን ያሳደገቻት ሊዲያ ነርስ ሆናለች። አንድ ሐሙስ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣

«ጋሼ ታደሰ፣ በየሳምንቱ ከረባት አስረው የት ነው የሚሄዱት? ሚስት አገኙ እንዴ?» አለችኝ።

«ቢሮ ነው የምሄደው።»

«በሰባ አምስት ዓመትዎ ማን ሃየር አደረገዎት?»

«መጥተሽ እይ!» አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት ሺፍቷን ቀይራ መጣች። እውነቱን ልናገርና የወሰድኳት ክርስቲን ስታመሰግነኝ እንድትሰማ ነው።

ደብዳቤ ከመንካቷ በፊት መዳፏን ቀሚሷ ላይ ሁለት ጊዜ ትጠርጋለች። ሳኒታይዘር ለዓመታት የሰነጣጠቀው እጅ ነው። ከዚያ በሁለት እጇ ከሥሩ ገብታ፣ በሽተኛ ከአልጋ እንደምታነሳ ሁሉ፣ ወረቀቱን ቀስ አድርጋ ታነሳዋለች። ክርስቲን አንድ ቀን አይታት ለሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች «ወረቀት እንዲህ ነው የሚያዘው» አለቻቸው። እኔ አልተደሰትኩም፤ ያን ቀን የተመሰገነው ሌላ ሰው ነበር።

እኔ እያነበብኩ ወደ አማርኛ እመልስላታለሁ፣ እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሰማለች። ጨርሼ ቀና ስል ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላት።

«መልሱስ?»

«የምን መልስ?»

«የእኅትየዋ ነዋ! ሩት ምን ብላ መለሰች?»

«የሩት ደብዳቤ እዚህ የለም። የተረፈው የሜርሲ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ግማሽ ወሬ ነው የያዙት፣ ጋሼ» ብላ ትስቃለች። በሚቀጥለው ሐሙስም ያንኑ ትጠይቀኛለች። መልሱ ከሳጥኑ ሥር ተገኝቶ ይሆናል ብላ ተስፋ የምታደርግ ይመስለኝ ነበር።

ሜርሲ ስኳር መተዋን ባነበብኩላት ቀን «ይቺ ሴትዮ የእኛ ሃይማኖት ናት እንዴ? ጾም እኮ ነው የያዘችው!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ግን ሐሙስ ሐሙስ ሻይዋን ያለ ስኳር ጠጣች።

«ለባሪያዎቹ ብለሽ ነው?» አልኳት።

«ለአንድ ሰው ነው» አለችኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። የራሴን ወሬ ላወራ ቸኩዬ ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ፣ ሐይቆቹ ዳር ዳሩን መርጋት ሲጀምሩ፣ አንድ ረዥም ደብዳቤ ላይ ደረስን። ከባርነት ያመለጠች ጥቁር ሴት ወደ ሜርሲ ከተማ መጥታ በአዳራሽ ትናገራለች። ሕዝቡ ያለቅሳል። ማደሪያዋ ሜርሲ ቤት ነው። በነጋታው ሜርሲ እንግዶች ጠርታ ነበርና፣ ሴትየዋን ከእንግዶቹ ጋር ማዕድ ላይ አላስቀመጠቻትም። ወጥ ቤት አበላቻት። «ለሰላም ብዬ ነው» ብላ ለእኅቷ ትጽፋለች፤ «ሁሉም እንደኔ ልቡ የበራለት አይደለም።»

አስካለ ደብዳቤው ላይ ጎንበስ አለች።

«ሴትየዋስ? ስሟ ማን ነው?»

ደብዳቤውን ደግሜ አየሁት። «ምስኪኗ ሴት ነው የምትላት።»

«አራት ገጽ ሙሉ?»

«አራት ገጽ ሙሉ።»

«ያን ሁሉ የሰው በር አንኳኩታ፣ የገዛ ጠረጴዛዋ ጋ ስትደርስ ደከማት» አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ባቡር ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ መስኮቱን እያየች ተናገረች። «አያቴ ጫልቱ ነበር ስሟ። በሰባት ዓመቷ ከኢሉባቦር አምጥተው ጅማ ሸጧት። የገዟት ሰዎች ትርንጎ አሏት። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጣፋጭ በቀመስን ቁጥር ‘ለጫልቱም አስቀሩላት’ ትል ነበር። ያቺ የተሸጠችው ልጅ ሌላ ሰው ነበር የምትመስላት።»

«ሊዲያ ታውቃለች?»

«ገና። ለጋብቻዋ ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ራሴ እነግራታለሁ። አፌን እያስለመድኩት ነው። ለሰው ስናገር እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት።»

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያምነው ምን ይላል? እኔ ስለ አያቴ አወራኋት። ታላቅ ሰው እንደነበሩ፣ በግቢያቸው ከሠላሳ ሰው የማያንስ ያድር እንደነበር ነገርኳት።

«ሠላሳው ሰው ምናቸው ነበር?»

«ያው… የቤት ሰው።»

«ስማቸውስ?»

በሕፃንነቴ ያዘለችኝ አሮጊት ትዝ አለችኝ። በር ሥር ነበር የምትተኛው። «እማማ» ነበር የምንላት። ምን እንደነበረች አውቃለሁ፤ ስሟን ግን ጠይቄ አላውቅም። «ረሳሁት» አልኳት። ሰው የሚረሳው የሚያውቀውን ነው። አስካለ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችኝና ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

ሊዲያን ሊያገባ የፈለገው ልጅ ናታን ይባላል፤ ብሩክሊን ሴንተር የሚኖረው የወዳጄ የጌታሁን ልጅ ነው። ጌታሁን ትራክ ነው የሚነዳው፤ ሲመጣ ፎርሙን ሁሉ የሞላሁለት እኔ ነኝ። ሽማግሌ ሊላክ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደወለልኝ።

«ታዴ፣ ልጅቷ ጥሩ ናት፣ አውቃታለሁ። እናትየዋ ጎረቤትህ ናት አይደል? እስቲ አጥንታቸውን እይልኝ።»

«በዚህ ዘመን?»

«ለእኔ ሳይሆን ለሚስቴ ነው ባክህ። አንተ እንደሆንክ የማታውቀው የለም።»

የማታውቀው የለም። በዚች ቃል ተገዛሁ። አላውቅም ልለው እችል ነበር፤ ምን አገባህ ልለውም እችል ነበር። እኔ ግን ይህን የመሰለ ጉዳይ በስልክ አይወራም፣ በጽሑፍ አሳውቅሃለሁ አልኩት።

የጻፍኩበት ቀን ሐሙስ ነበር፤ አስካለ ሥራ ገብታ ነበር። ጠዋት ሴንት ፖል ሆኜ ከእናቷ ተነጥላ ስለተሸጠች ሕፃን ሜርሲ የጻፈችውን ስገለብጥ አልቅሻለሁ፤ ክርስቲን መሀረብ ሰጥታኛለች። ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ በዚያው እጄ ይህን ጻፍኩ፦

«ወንድሜ ጌታሁን፣ በጠየቅኸኝ መሠረት ጉዳዩን በጥንቃቄ አጣርቻለሁ። ሊዲያ ምግባሯ የተመሰገነ ጥሩ ልጅ ናት። ይሁን እንጂ የእናቷ አያት በገንዘብ የተገዙ መሆናቸውን ከእናትየዋ ከራሷ አንደበት ሰምቻለሁ። ልጆች ሳይወለዱ ማሰቡ ይበጃል። ውሳኔው የቤተሰባችሁ ነው።»

ከሰላምታው ጋር አሥራ አንድ መስመር ሆነ። የፊደሉ አጣጣል አስደስቶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፖስታ ሳጥን ድረስ በበረዶ ውስጥ ሄጄ ራሴ ከተትኩት።

ሽማግሌዎቹ አልመጡም። ጌታሁን ለአስካለ ደውሎ «ትንሽ እናቆየው» ብሏት ነበር። አስካለ ስትነግረኝ «ምን አጋጠመው ይሆን?» አልኳት፤ አዎ፣ እንዲህ ብያታለሁ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ሐሙስ ዕለት ቤተ መዛግብቱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። መዳፏን ቀሚሷ ላይ ሁለት ጊዜ ጠረገች። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ፣ በሁለት እጇ ደግፋ፣ ከሜርሲ ደብዳቤዎች መሃል አስቀመጠችው። ገና ሳይዘረጋ እጄን አወቅኩት።

«ያንብቡልኝ።»

«አስካልዬ፣ አማርኛ እኮ ነው፣ ራስሽ…»

«አንብቤዋለሁ። በእርስዎ አፍ ልስማው።»

አነበብኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ዳኛ ፊት የተነበበ ማመልከቻ የጻፍኩ ሰው፣ አሥራ አንድ መስመር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ቆምኩ። እሷ እንደ ሌላው ጊዜ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ናታን ከአባቱ መሳቢያ አገኘው» አለችኝ። «አማርኛ አያነብም፣ ለሊዲያ ሰጣት። እሷም አታነብም፣ ለእኔ አመጣችው። ‘ማሚ፣ ምንድን ነው የሚለው?’ አለችኝ። ሊዲያ ጥሩ ልጅ ናት ይላል አልኳት። ጽፈውታል፣ አልዋሸሁም።»

ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር እጇን አነሳች።

«ስሟን አልጻፉም።»

«የማንን?»

«የጫልቱን። ነግሬዎት ነበር እኮ።» ከዚያ ያችኑ ጥያቄዋን ጠየቀችኝ። «መልሱስ?»

«ምን ልመልስ?»

«ሐሰት ነው ብለው እንዳይጽፉ፤ አያቴን ደግመው እንዳይሸጡብኝ። እውነቱን ግን ሙሉውን ይጻፉት። የእኔን ወገን ጽፈዋል፤ የእርስዎንም ይጨምሩበት። እነዚያ ሠላሳ ሰዎች ምን እንደነበሩ ለጓደኛዎ ይንገሩት። ከእርስዎ ከሰማ ያፍራል። ልጆቹ ከፋሲካ በኋላ መጋባታቸው አልቀረም፤ ናታን አባቱ አጠገቡ እንዲቆምለት ነው የሚፈልገው። ከዚያ በፊት ይድረሰው።»

ስትነሳ ወገቧን ይዛ ነበር። እስከ መጨረሻው «እርስዎ» እንዳለችኝ ሄደች። «አንተ» ብላ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ለሊዲያ ሁሉንም ነገረቻት። ሊዲያን አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ አገኘኋት። «በማሚ አያት ምንም አላፈርኩም» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ማሚ ራሷ፣ በራሷ ጊዜ ልትነግረኝ ነበር የፈለገችው። ዩ ቱክ ዛት ፍሮም ኸር።» ይህን እንግሊዝኛ ለመረዳት መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። ያን ከእናቴ ነጠቅክ ማለቷ ነው።

መልሱን መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ረቂቅ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት አራት ገጽ ሆነ፤ ግሩም ነበር። ስለ እኔ ቤት ግን አንድ ቃል አልነበረበትም። ሌላ ጻፍኩ። «አያቴ» የሚለው ቦታ ስደርስ እስክሪብቶው ይቆማል፤ ወይም «እንደ ዘመኑ ልማድ» የምትል ሐረግ ትመጣልኝና እሷን ሳሳምር እውላለሁ። ጌታሁን ለእኔ ያለው ግምት ይታየኛል፤ በሬን የሚያንኳኩት ልጆች ይታዩኛል። አስካለ ሦስት ሐሙስ መጣች።

«መልሱስ?»

«እያሳመርኩት ነው።»

«ማማሩ ይቅርብኝ፣ ጋሼ።»

በአራተኛው ሐሙስ ወንበሯ ባዶ ነበር። ክርስቲን «ያቺ ወረቀት መያዝ የምታውቀው ጓደኛህ የት ሄደች?» አለችኝ። ሺፍት በዝቶባት ነው አልኩ።

ልጆቹ ከፋሲካ በኋላ ያለ ሽማግሌ፣ ፍርድ ቤት ሄደው ተጋቡ። ጌታሁንና ሚስቱ አልሄዱም። በወላጆች ቦታ የቆመችው አስካለ ብቻ እንደነበረች ሰማሁ፤ ወንበር ቢያቀርቡላት እምቢ ብላ፣ በዚያ ወገቧ እስኪያልቅ ቆማለች አሉኝ። ረቂቁ ያን ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ታመመችና ሊዲያ ሜፕልዉድ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻት፤ በዓመቱ መጋቢት ያረፈችው እዚያ ነው። ስትሄድ በሬ ተንኳኩቶ ነበር። ድምፅዋን ሰምቼ አልከፈትኩም፤ መልሱስ ብትለኝ የምሰጣት አልነበረኝም። ሊፍቱ ሲወርድ ከፍቼ ሳይ፣ ከሥሩ ግማሽ ፓኬት ሻይ አስቀምጣልኝ ሄዳለች።

እንግዲህ በዕድሜዬ ያከናወንኩትን ልቁጠር። ያለ አስተማሪ የሰው አገር ቋንቋ ተምሬያለሁ። ለሃያ ሁለት ዓመት ለተበደለ ሰው ሁሉ አቤቱታ ጽፌያለሁ፤ ለበዳዩም ጽፌያለሁ። የሜርሲን ደብዳቤዎች፣ አግድም የተጻፉትንም ሳይቀር፣ ገልብጬ ጨርሻለሁ፤ የቤተ መዛግብቱ ግድግዳ ላይ ስሜ አለ። የስንብት ቡና ጋብዘውኝ ንግግር አድርጌያለሁ፤ አስካለን አልጠቀስኳትም። አንዲት ሴት ያመነችኝን ምስጢር ባማረ እጅ ጽፌ አሳልፌ ሰጥቻለሁ። ለልጇ ሠርግ ሊደርስ ይገባ የነበረውን መልስ፣ እሷ እስክትቀበር ድረስ ሳሳምር ቆይቻለሁ።

በአርባዋ ዕለት ጻፍኩት። ስድስት መስመር ነው፤ አንዱ ተሰርዟል፤ ሳልገለብጠው ተውኩት። የአስካለ አያት ስሟ ጫልቱ ነበር አልኩ። በእኔ አያት ቤት የተገዙ ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ አዝላ አሳድጋኛለች፤ ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ስሟን አላውቀውም አልኩ። አጥንት ካልክ፣ ነውሩ በእኔ በኩል ነው አልኩ። በአውቶቡስ ብሩክሊን ሴንተር ሄጄ ለጌታሁን በእጁ ሰጠሁት። በሩ ላይ ቆሞ አነበበው። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተውና፣ ፊቴን ሳያይ «ግባ፣ ሻይ ጠጣ» አለኝ። አልገባሁም።

ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ለምጃለሁ። ወረቀቱን ለጌታሁን ከሰጠሁ ይኸው ስድስት ሳምንት ሆነ፤ በየቀኑ ወርጄ የፖስታ ሳጥኔን አያለሁ። መልሱ አልመጣም።